ሽብር፣ ሥጋትና የመራጩ ድምፅ፤ ከአራት አገር አቀፍ ምርጫዎች የምንቀስመው ትምህርት

በዚህ የጥናት ገጽ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ በአጭሩ ሲቀመጥ የሚከተለው ነው፤ አንድ ሕዝብ የሽብር አደጋ ወይም የሽብር ዛቻ በተጋረጠበት ወቅት አገር አቀፍ ምርጫ ቢያካሂድ፣ ሥጋቱ በመራጩ ውሳኔ ላይ ምን ያደርጋል? ወደ ገዢው ፓርቲ ይገፋዋልን? ከእርሱ ያርቀዋልን? ወይስ ጭራሹን ከምርጫ ጣቢያ ያስቀረዋል?

ጥያቄው የተነሣው ዶሃ ውስጥ፣ ዘ ፐርል በሚባለው ሰው ሠራሽ ደሴት፣ በዕረፍት ቀን በምናካሂደው የጥናት ክበብ ነው። ክበቡ የተማሪዎች ብቻ አይደለም፤ በደሴቲቱ ፎቆች በጥበቃ፣ በጽዳትና በቤት ሠራተኝነት የሚያገለግሉ ወገኖቻችንም ይካፈሉበታል። ስለ ሽብርና ስለ ምርጫ መነጋገር በጀመርን ቁጥር ውይይቱ ሳይጠራ ወደ ሚያዝያ 2007 ዓ.ም.፣ ወደ ሊቢያ ይመለሳል። በዚያ የተገደሉት እንደ እኛው እንጀራ ፍለጋ ከአገር የወጡ ሰዎች ነበሩና ነገሩ ለማናችንም የሩቅ ወሬ አይደለም። አደጋው የደረሰው አገር ቤት ምርጫ ሊደረግ አምስት ሳምንት ሲቀረው መሆኑ ደግሞ ለጥያቄያችን ዋነኛ ምሳሌ ያደርገዋል።

አንባቢ እንዳይደናገር፣ በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያን ጉዳይ በኢትዮጵያ፣ የውጭውን በአውሮፓ ዘመን አቆጣጠር እናስቀምጣለን።

1. «ሽብር» የሚለው ቃል

ከሁሉ አስቀድሞ ቃሉን መመርመር ይገባል። በአገራችን «ሽብር» ከፖለቲካ ጋር በሰፊው የተቆራኘው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ነው። ደርግ በተቃዋሚዎቹ ላይ የወሰደውን የግድያ እርምጃ፣ ከሩሲያ አብዮት በተወረሰ ስም፣ ራሱ «ቀይ ሽብር» ብሎ ጠራው፤ የተቃዋሚዎቹን ደግሞ «ነጭ ሽብር» አለው። እንግዲህ ቃሉ ወደ ሕዝቡ ጆሮ የገባው መንግሥት በዜጎቹ ላይ በግልጽ ካወጀው ድርጊት ጋር ነው። የልጆቻቸውን ሬሳ በመንገድ ላይ ያገኙ ወላጆች ለተከታዩ ትውልድ ያወረሱት ምክር «ከፖለቲካና ከኮረንቲ ራቅ» የሚል ነበር። ይህ ምክር ራሱ የሽብር ውጤት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ዛሬም ድምፁን ሊሰጥ በወጣው ሰው ልብ ውስጥ የዚያ ዘመን ፍርሃት ተቀምጦ ይገኛል።

ቃሉ በመንግሥታት መካከልም እንደ መሣሪያ ያገለግላል። ኢትዮጵያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ከምንኖርባት ከኳታር ጋር የነበራትን ግንኙነት ስታቋርጥ፣ ካቀረበቻቸው ክሶች አንዱ ኳታር በሶማሊያና በአካባቢው ያሉ ሽብርተኞችን ትረዳለች የሚል ነበር። ግንኙነቱ የታደሰው በ2005 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2017 ደግሞ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች፣ ባሕሬንና ግብፅ በተመሳሳይ ክስ ኳታርን አገለሏት። ብቸኛው የየብስ በሯ ተዘጋ፤ እስከ ጃንዋሪ 2021ም አልተከፈተም። ያን ጊዜ «ታሚም አል ማጅድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የአሚሩ ምስል በዶሃ ሕንፃዎችና መኪናዎች ላይ ታየ። የምርጫ ወቅት አልነበረም፤ ሆኖም ከውጭ ሥጋት ሲመጣ ሰው በመሪው ዙሪያ እንደሚሰበሰብ በግልጽ የታየበት ነው። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሊቅ ጆን ሙለር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ይህን ጠባይ በሰንደቅ ዓላማ ዙሪያ መሰባሰብ ብሎ ገልጾታል።

2. የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ለመሰባሰቡ ከሁሉ የታወቀው ማስረጃ የአሜሪካው ነው። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2001 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽን የሚደግፈው ሕዝብ 51 ከመቶ መሆኑን መዝግቦ ነበር። ከሴፕቴምበር 11ዱ አደጋ በኋላ፣ በዚያው ወር፣ ቁጥሩ 90 ከመቶ ደረሰ። ሰውየው በእነዚያ ቀናት ውስጥ የተለየ ሰው አልሆኑም፤ የተለወጠው የሕዝቡ ስሜት ነው።

ይሁን እንጂ ስሜቱ ሁልጊዜ ለገዢው ፓርቲ አያገለግልም። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪና በማርች 1996 በአውቶቡሶችና በከተማ አደባባዮች ላይ በተከታታይ ፈንጂ ፈነዳ። ቀድሞ የተሻለ ድጋፍ የነበራቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺሞን ፔሬስ በሜይ ወር ምርጫ በቤንያሚን ኔታንያሁ ተሸነፉ፤ ልዩነቱ ከ1 ከመቶ ያልበለጠ ነበር። በኋላ ክላውድ ቤረቢና ኤስቴባን ክሎር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የእስራኤልን ምርጫዎች በየከተማው መርምረው እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳተሙት፣ ከምርጫ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ አደጋ የደረሰበት አካባቢ ለቀኝ ክንፍ ፓርቲዎች የሚሰጠው ድምፅ በ1.35 ነጥብ ያህል ይጨምራል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ምርጫው ከ1 ከመቶ ባነሰ ልዩነት ሲወሰን ግን መንግሥት ይለውጣል።

የስፔኑ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2004፣ ምርጫ ሊደረግ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በማድሪድ የከተማ ባቡሮች ላይ በተጠመዱ ፈንጂዎች ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሆሴ ማሪያ አስናር መንግሥት ወዲያውኑ ጣቱን ኤታ በተባለው የባስክ ድርጅት ላይ ቀሰረ። ማስረጃው ግን ከሰዓት ወደ ሰዓት የአልቃይዳን መንገድ ወደሚከተሉ ሰዎች አመራ። መንግሥቱ ወደ ኢራቅ ጦር የላከ ነበርና ሕዝቡ «እውነቱን ሸሸጋችሁን» ብሎ ተቆጣ። በማርች 14ቱ ምርጫ የሶሻሊስቱ ፓርቲ 164 መቀመጫ ሲያገኝ፣ ቀደም ሲል 183 መቀመጫ የነበረው ገዢ ፓርቲ ወደ 148 ወረደ። ስለዚህ መራጩን ያንቀሳቀሰው ፍንዳታው ብቻ ሳይሆን፣ ከፍንዳታው በኋላ ስለ እውነቱ የተነገረውና ያልተነገረውም ጭምር ነው።

ከአፍሪካ ናይጄሪያን እንውሰድ። ቦኮ ሐራም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ከቺቦክ 276 ሴት ተማሪዎችን ጠልፎ ወሰደ። የ2015 ምርጫ በጸጥታ ምክንያት ከፌብሩዋሪ 14 ወደ ማርች 28 ተላለፈ። በመጨረሻ ሕዝቡ ጉድላክ ጆናታንን አውርዶ ሙሐማዱ ቡሃሪን መረጠ። ሙስናና የኑሮ ውድነትም ድርሻ ነበራቸው፤ ነገር ግን «ልጆቻችንን መጠበቅ አልቻላችሁም» የሚለው ወቀሳ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር። በምርጫ ተሸንፎ ሥልጣን የለቀቀ የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነው።

ከዚህ ሁሉ የተለየ ደግሞ ራሱን ምርጫውን የሚመታ ሽብር አለ። በፔሩ «አንጸባራቂው ጎዳና» የተባለው ድርጅት ትጥቅ ትግሉን የጀመረው እ.ኤ.አ. በሜይ 1980 ቹስቺ በምትባል ትንሽ ከተማ የድምፅ መስጫ ሣጥኖችን በማቃጠል ነው። በአፍጋኒስታን ታሊባን በምርጫ ቀለም የተነከረ ጣት እንደሚቆርጥ ይዝት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በሄራት ድምፅ በሰጡ አረጋውያን ላይ ዛቻው ተፈጽሟል። በእንዲህ ያለ ቦታ «ማንን ትመርጣለህ?» ከሚለው በፊት «ጣትህን ትወዳለህን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች ተነሥተን፣ ሥጋት ወደ መራጩ የሚደርስባቸውን መንገዶች እንደሚከተለው ከፍለናቸዋል።

ሀ) በልቡ በኩል፤ ፍርሃት፣ ቁጣና ሐዘን ፍርዱን ሲለውጡበት።
ለ) በአማራጩ በኩል፤ በሥጋቱ ስም ዕጩዎች ሲታሰሩ፣ ጋዜጦች ሲዘጉ፣ ስብሰባ ሲከለከል፤ ማለትም ሰውየው ከመወሰኑ በፊት የሚወስንበት ነገር ሲቀነስበት።
ሐ) በመንገዱ በኩል፤ ወደ ምርጫ ጣቢያ መድረስ ሲያቅተው፣ ወይም ጣቢያው ራሱ ሳይከፈት ሲቀር።

በውጭ አገር የሚታተሙት ጥናቶች አብዛኞቹ በመጀመሪያው ላይ ያተኩራሉ። ይህ የሆነው በምክንያት ነው። በስፔንም በእስራኤልም አማራጩ ክፍት ነበር፤ ተፎካካሪው በነጻነት ይናገር፣ ጋዜጣው መንግሥትን ይሞግት ነበር። እንግዲህ እነዚህን ጥናቶች እንዳሉ ወደ አገራችን ማሻገር ይቻላልን? መልሱን ከምርጫዎቻችን እንፈልግ።

3. የግንቦት 1997 ምርጫ

በ1997 ዓ.ም. የምርጫ ዘመቻ የገዢው ፓርቲ ባለ ሥልጣኖች ተቃዋሚዎቻቸውን በሩዋንዳ የዘር ፍጅት ከፈጸመው ከኢንተርሃምዌ ጋር አመሳስለው ተናገሩ። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ ተቃዋሚ ቢመረጥ እልቂት ይመጣል የሚል ነው። መልእክቱ የተነገረው የሩዋንዳው እልቂት በደረሰ በ11 ዓመቱ በመሆኑ የሚያስፈራ ነገር ነበረው።

ዳሩ ግን በዚያ ዓመት ሌላም ነገር ነበር። ተፎካካሪዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሩ፤ የግል ጋዜጦች በየመንገዱ ይሸጡ ነበር፤ ሚያዝያ 29 ቀን የገዢው ፓርቲ፣ ሚያዝያ 30 ቀን የተቃዋሚው ደጋፊዎች በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ተሰበሰቡ። ሕዝቡ «እልቂት ያመጣሉ» የተባሉትን ሰዎች በዓይኑ አይቶ፣ በጆሮው ሰምቶ መዘነ። ግንቦት 7 ቀን አዲስ አበባ 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎቿን ለተቃዋሚው ቅንጅት ሰጠች፤ ከ138 የከተማ ምክር ቤት መቀመጫዎችም 137ቱን ለእርሱው አደረገች።

ከዚህ የምንረዳው፣ የሥጋት ቅስቀሳ ብቻውን፣ አማራጭ ባለበት ቦታ፣ መራጩን እንደ በግ ሊነዳው አለመቻሉን ነው። ከምርጫው በኋላ የሆነው ግን የታወቀ ነው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሣው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን አረጋገጠ። የተቃዋሚ መሪዎችና ጋዜጠኞች ታሰሩ። መራጩ ሕዝብ ከዚህ የተማረው ትምህርት፣ በዘመቻው ወቅት ከሰማው ዛቻ ሁሉ የጠነከረ ነበር።

4. ሕጉና የ2002 ምርጫ

የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 የወጣው በ2001 ዓ.ም.፣ የሚቀጥለው ምርጫ ሊደረግ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። አገሪቱ እውነተኛ የሽብር ሥጋት እንዳለባት አንክድም፤ ሠራዊቷ በሶማሊያ ተዋግቷል፤ አልሸባብም በግልጽ ዝቶባታል። ጥያቄው የሕጉ ስፋት ነው። አንቀጽ 6 ሕዝቡ ወይም ከሕዝቡ አንዳንዱ ክፍል «ለሽብር ማበረታቻ» አድርጎ ሊረዳው የሚችለውን ጽሑፍ ያወጣ ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት እንዲታሰር ይደነግግ ነበር። በቀጥታ ማበረታታት ብቻ ሳይሆን በተዘዋዋሪም ማበረታታት ተጨምሮበታል። ድንበሩ የት እንደሆነ የማያውቅ ጸሐፊ ከድንበሩ ብዙ ርቆ ይቆማል። ጸሐፊው ሲርቅ አንባቢው ሳያውቅ ይቀራል፤ አንባቢው ደግሞ መራጭ ነው።

በግንቦት 2002 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ወሰዱ። ለተቃዋሚው አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪ አንድ ቀረ። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ2003 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋር በአንድ መዝገብ በሽብርተኝነት ፈረጃቸው። ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኞች፣ የፓርቲ አመራሮችና የሙስሊሙ ኅብረተሰብ ያቆማቸው የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በዚሁ አዋጅ ተከሰሱ። በሚያዝያ 2006 «ዞን ዘጠኝ» በሚል ስም የሚጽፉ ስድስት ወጣቶችና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። በሐምሌ 2006 ደግሞ ከአንድነት፣ ከሰማያዊና ከዐረና ፓርቲዎች የታወቁ አመራሮች ታሰሩ። ፍርድ ቤት እነዚህን የፓርቲ ሰዎች በነጻ ያሰናበታቸው በነሐሴ 2007 ነው፤ ምርጫው በግንቦት አልፏል። አንድ ዕጩ ወንጀለኛ ሆኖ ሳይገኝ፣ የምርጫው ወቅት በእስር ቤት አለፈበት ማለት ነው።

5. ሚያዝያና ግንቦት 2007

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ የሚጠራው ቡድን 30 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን በሊቢያ መግደሉን የሚያሳይ ፊልም አሠራጨ። ገሚሶቹ በባሕር ዳርቻ ታረዱ፤ ገሚሶቹ በበረሃ በጥይት ተደበደቡ። ሁለት ወር አስቀድሞ ይኸው ቡድን፣ አብዛኞቹ ግብፃውያን የነበሩ 21 ክርስቲያኖችን በተመሳሳይ ሁኔታ ገድሎ ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018፣ የሊቢያ ባለ ሥልጣኖች ከሲርት አካባቢ የ34 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ከአንድ የጅምላ መቃብር አወጡ።

ወሬው አገር ቤት ሲደርስ መንግሥት በመጀመሪያው ቀን የሟቾቹን ዜግነት በማጣራት ላይ መሆኑን ገለጸ። በማግስቱ አረጋገጠ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። ከሟቾቹ መካከል ከአዲስ አበባ ጨርቆስ ሠፈር የወጡ ይገኙ ነበርና ሠፈሩ ለቅሶ ተቀመጠ። ሚያዝያ 14 ቀን በመስቀል አደባባይ በተጠራው ሰልፍ ብዙ ሕዝብ ወጣ። ከሰልፈኛው መካከል መንግሥትን የሚወቅስ ድምፅ ተሰማ፤ ድንጋይ ተወረወረ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። መንግሥት ለሁከቱ የሰማያዊ ፓርቲን ተጠያቂ አደረገ፤ ፓርቲው አስተባበለ፤ አባላቱ ታሰሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። በሌላ አገር እንዲህ ያለ አደጋ ከምርጫ በፊት ሲደርስ ሁለት ጥያቄዎች ወደ መድረክ ይወጣሉ፤ «ማን ይጠብቀናል?» የሚለውና «ለምን እዚህ ደረስን?» የሚለው። ጨርቆስ ድንኳን ውስጥ ያለቀሰችው እናት ሁለተኛውን ትጠይቅ ነበር፤ ልጄ ለምን ከአገሩ ወጣ? ሥራ ስለ ምን አጣ? በሱዳንና በሰሃራ በኩል ሲሻገር ማን ያውቀው ነበር? እነዚህ የሽብር ብቻ ሳይሆኑ የሥራ፣ የመሬትና የስደት ፖሊሲ ጥያቄዎች ናቸው፤ ምርጫ የሚያስፈልገውም ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው። የመንግሥት ቃል አቀባይ አደጋው በሕገ ወጥ መንገድ ለሚሰደዱ ሁሉ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ተናገሩ። በዚህም ጥያቄው ከፖሊሲ ወርዶ ወደ ሟቹ ተመለሰ፤ «ለምን ሄደ?» ተባለ እንጂ «ለምን መሄድ አስፈለገው?» አልተባለም። ጥያቄውን አንሥቶ ሊከራከር የሚችለው ተፎካካሪ ደግሞ ግማሹ ታስሯል፣ ግማሹ በሁከት ተጠርጥሯል። የአንድነት ፓርቲም በዚያው ዓመት በጥር ወር፣ ከሽብር ጉዳይ ጋር ባልተያያዘ የውስጥ ክርክር፣ በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ለሌላ ቡድን ተሰጥቶ ነበር።

ግንቦት 16 ቀን ምርጫው ተካሄደ። ከ36 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመዝግቧል። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢ አልላከም፤ ከውጭ የታዘበው በቀድሞው የናሚቢያ ፕሬዚዳንት በሂፊኬፑኒዬ ፖሃምባ የተመራው የአፍሪካ ኅብረት ቡድን ብቻ ነው። ውጤቱ 547 ከ547 ሆነ።

ችኩል ተመልካች «የሊቢያው አደጋ ሕዝቡን በመንግሥቱ ዙሪያ አሰባሰበው» ሊል ይችላል። ቀደም ሲል በልብ ያዙት ያልነውን ቁጥር አሁን እናምጣው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ የሊቢያው አደጋ ሳይደርስ፣ «እስላማዊ መንግሥት» የሚባለው ስም ሳይሰማ፣ ውጤቱ 545 ነበር። ስለዚህ የ2007ቱን ውጤት ያመጣው የሚያዝያው ፍርሃት ነው ማለት አይቻልም። ፍርሃቱ ገና ሳይመጣ አማራጩ ጠቦ፣ አንድ ለአምስት በሚባለው አደረጃጀት ጎረቤት ጎረቤቱን ይከታተል ነበር። በእስራኤል የ1.35 ነጥብ ለውጥ ሊለካ የቻለው ሚዛኑ ነጻ ስለነበረ ነው። አንድ ወገኑ በታሰረ ሚዛን ላይ የፍርሃትን ክብደት መለካት አይቻልም።

ለዚህ ሌላም ማስረጃ አለ። ሕዝቡ በእውነት በመንግሥቱ ዙሪያ ተሰብስቦ ቢሆን ኖሮ፣ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ በኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ አገሩን አያዳርስም ነበር። በመስከረም መጨረሻ 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። በሰኔ 2010 ተተኪያቸው በዚያው ምክር ቤት ቆመው፣ ዜጎችን ማሰቃየት ራሱ የሽብር ሥራ እንደነበረ ተናገሩ፤ ሦስቱ ድርጅቶችም ከሽብር መዝገብ ተሰረዙ። መቶ ከመቶ ድምፅ የሕዝቡን ልብ እንዳላሳየ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

6. የሰኔ 2013 ምርጫ

በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1176/2012 የቀድሞውን ሕግ ተካ። ምርጫው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተላልፎ ሰኔ 14 ቀን 2013 ሲደረግ፣ ትግራይ በጦርነት ውስጥ ነበረች። ምርጫው 46 ቀን ሲቀረው፣ ሚያዝያ 28 ቀን፣ ምክር ቤቱ ሕወሓትንና «ሸኔ» የተባለውን ታጣቂ ቡድን በሽብርተኝነት ፈረጀ።

በዚህ ዓመት ሥጋቱ በቴሌቪዥን የሚታይ ብቻ አልነበረም። ጥቅምት 22 ቀን 2013 በምዕራብ ወለጋ ጋዋ ቃንቃ በተባለ ቦታ ለስብሰባ የተጠሩ ነዋሪዎች ተገደሉ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ 54 አስከሬን መገኘቱን ገልጿል። በታኅሣሥ ወር በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ።

በአዲስ አበባ መራጩ ረጅም ሰልፍ ይዞ ቆመ፤ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። በትግራይ ግን ምርጫ አልነበረም፤ በመተከልና በካማሺ ዞኖችም በጸጥታ ምክንያት አልተካሄደም። ብልጽግና ፓርቲ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን አገኘ፤ ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው። በዚህ ምርጫ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ሐ) ብለን የጠቀስነው ነው። ሽብር የበረታበት ቦታ ድምፅ ያልተሰጠበት ቦታ ሆነ። «ማን ይጠብቀኛል?» ብሎ ለመጠየቅ ከሁሉ የበለጠ ምክንያት የነበረው የቡለን ገበሬ፣ ጥያቄውን በካርድ ሊያቀርብ አልቻለም። ሥጋቱ ያልደረሰበት ከተሜ ግን ስለ እርሱ ሥጋት ድምፁን ሰጠ።

7. ድምዳሜ፣ ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

አራቱን ምርጫዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የሚታየው ሐቅ ይህ ነው። በ1997 የሥጋት ቅስቀሳ ነበር፤ አማራጭም ስለነበረ የአዲስ አበባ መራጭ ቅስቀሳውን መዝኖ ጣለው። በ2002 ለምርጫው የቀረበ ትልቅ አደጋ ሳይኖር አማራጩ ጠበበ፤ ውጤቱ አንድ ወገን ሆነ። በ2007 እውነተኛና ዘግናኝ አደጋ ደረሰ፤ ውጤቱ ግን ከ2002ቱ የተለየው በሁለት መቀመጫ ብቻ ነው። በ2013 አደጋው ራሱ ምርጫውን በየአካባቢው አስቀረ። ስለዚህ በአገራችን «ሽብር መራጩን ወዴት ገፋው?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «መራጩ የሚሄድበት ቦታ ነበረውን?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። የሽብር ሥጋት ትልቁ ጉዳት ሰውን ማስፈራቱ ብቻ አይደለም፤ የፈራው ሰው ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ ከአፉ መንጠቁም ጭምር ነው።

በውጭ የምንገኝ በእነዚህ ምርጫዎች ድምፅ አልሰጠንም። ቢሆንም ከደሙ ንጹሕ ነን ማለት አይደለም። በየሳምንቱ ወደ ቤት እንደውላለን፤ ገንዘብ እንደምንልክ ሁሉ ወሬም እንልካለን። ከዶሃ የተላከ ያልተጣራ ፎቶግራፍ በደቂቃ ውስጥ ደሴ ይደርሳል። ስለዚህ በክበባችን ተወያይተን የተስማማንባቸውን ነጥቦች ለአንባቢ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የሟች ፊልም አንልክም። ገዳዩ ፊልሙን የሚሠራው እንዲሠራጭለት ነው።
ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ወይም ድርጅት «አሸባሪ» ሲባል ስንሰማ፣ ማን አለው፣ መቼ አለ፣ ምርጫው ስንት ቀን ሲቀረው አለ፣ በምን ማስረጃ አለ ብለን እንጠይቃለን። እውነተኛ ሽብርተኛ መኖሩ ይህን ጥያቄ አያስቀረውም፤ ያጠብቀዋል እንጂ።
ሦስተኛ፣ ቤተ ሰቦቻችን «ማንን እንምረጥ?» ሲሉን ስም አንነግራቸውም። ዕጩው ስለ ሥራ፣ ስለ ስደትና ስለ ጸጥታ ምን እንዳለ እንዲጠይቁትና መልሱን ለጎረቤት እንዲነግሩ እንመክራለን።
አራተኛ፣ በሊቢያ ያለቁትን ወገኖች የማንም የዘመቻ ጌጥ አናደርጋቸውም። ለሐዘናቸው የሚገባው ክብር፣ ለምን እንደወጡ ሳይታክቱ መጠየቅ ነው።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. የስፔን ሕዝብ በሦስት ቀን ውስጥ መንግሥቱን የቀጣው በምን ምክንያት ነው? ለዚያ ያስቻለው የትኛው ተቋም ነው?
2. በ1997 እና በ2007 መካከል የመራጩ ልብ ነው የተለወጠው፣ ወይስ አማራጩ? ማስረጃችሁን አቅርቡ።
3. መንግሥት እውነተኛ ሽብርን እየተዋጋ የምርጫውን አማራጭ ሳያጠብ ሊቆይ የሚችለው እንዴት ነው? ሕጉ ምን ምን ነጥብ ሊኖረው ይገባል?
4. በጸጥታ ምክንያት ያልመረጠ ወረዳ ጥያቄውን በምክር ቤት የሚያሰማበት ሌላ መንገድ ሊኖር ይችላልን?
5. በዕድሜ የገፋ ዘመድ ጠይቁ፤ «ከፖለቲካና ከኮረንቲ ራቅ» የሚለውን ምክር መጀመሪያ የሰሙት ከማን ነው? መቼ? መልሱን ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ።